ዘፈኑ ከቆመበት ይቀጥላል
(አትላንታ አካባቢ በአንድ የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከቀረጻው እንዳለ የተገለበጠ)

እንደምን አመሻችሁ!

አልሰማሁም። እንደምን አመሻችሁ? እንዲህ ነው እንጂ!

ክቡራን ወላጆች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ ተደርድራችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ ልጆቻችን፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሙዚቃ አንድ ነገር በልልን» ሲሉኝ ስለ ጥላሁን ወይ ስለ አስቴር የምናገር መስሏቸው ነበር። «ስለ ደቡብ ራፕ አልበሞች ነው የማወራው» አልኳቸው። ስልኩ ላይ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ «ደቡብ… አዋሳ?» አለችኝ።

አይደለም። የጆርጂያ ደቡብ ነው። የቴክሳስ፣ የቴኔሲ፣ የሉዊዚያና። እኛ ተሰደን የገባንበት፣ ልጆቻችንን የወለድንበት ደቡብ።

መጀመሪያ ማንነቴን ልንገራችሁ። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ምሁርም አይደለሁም። እኔ ፓርኪንግ ሠራተኛ ነበርኩ። እስቲ ፓርኪንግ የሠራችሁ እጅ አውጡ። አያችሁ? የአዳራሹ ግማሽ።

ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ የገባሁት በኛ 1991 ጥር ላይ ነው። በፈረንጆቹ 1999 መጀመሪያ መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ ዓመት ስጠራ በፈረንጅ ነው፣ እንዳንምታታ። በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ዳውንታውን አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ፓርኪንግ ገባሁ። ሥራውን ታውቁታላችሁ። ሰውየው መኪናውን በር ላይ ትቶልህ ይሄዳል። አንተ ወደ ላይ ትነዳለህ፣ ታቆማለህ፣ በእግርህ ትወርዳለህ። ማታ ደግሞ ታወርድለታለህ።

ታዲያ ቁልፉን ስታዞር ምን ይሆናል? ዘፈኑ ከቆመበት ይቀጥላል። ሰውየው ጠዋት ሲሰማው የነበረው ሲዲ ካቆመባት ቃል ላይ ተነስቶ ይጮህብሃል። ስድስተኛ ፎቅ እስክትደርስ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ሞተሩን ታጠፋለህ። ዘፈኑም ይቆማል።

አንዳንዱ መኪና የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ትልልቅ ስፒከር ተገጥሞለታል። ቤዙ ሲመታ መስታወቱ ይርገበገባል። ታርጋው ይንቀጫቀጫል። መሪው እጅህን ይነዝርሃል። የመጀመሪያው ቀን እኔ መኪናው የተበላሸ መስሎኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አጥፍቼ ወረድኩ። ከፊት ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን እያየሁ አለቃዬ መጣ። እስኪያለቅስ ሳቀብኝ። ያ ሳቅ ለሁለት ዓመት አልለቀቀኝም።

ጥቂት ወራት እንደሠራሁ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አስር የተለያየ መኪና ውስጥ አንድ ሲዲ ነው ያለው። አንዱ ውስጥ ሃርሞኒካ ሲነፋ እሰማለሁ። ሌላው ውስጥ ጥሩምባ፣ ያውም ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮዎቹ የኛ ኦርኬስትራዎች። ሌላው ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ በስልክ ይለፈልፋል። ግን ራፕ የሚያደርጉት ሁለቱ ልጆች በሁሉም መኪና ውስጥ ያው ናቸው። አንድ ቀን ደፈርኩና አንዱን ደንበኛ «ይሄ ማነው?» ብዬ ጠየቅኩት። አስተያየቱን ብታዩት! አትላንታ እየሠራ አውትካስትን፣ የከተማዋን ሁለት ራፐሮች፣ የማያውቅ ሰው አገኘ። የአልበሙን ስም «አኩዌሚናይ» አለኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። በእጄ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት፣ በአማርኛ።

የዛሬውን ንግግሬን የወለደችው ይቺ ነገር ናት። ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ለምን አልበም? ሁለተኛ፣ ከየትኛው ከተማ የትኛውን? ሦስተኛው ለወላጆች ነው፣ ስለ ስድቡ። ሰዓት ካለ።

አንደኛ። ለምን አልበም?

ልጆች፣ እናንተን ነው የማናግረው። ቲክቶክ ላይ አስራ አምስት ሰከንድ ትሰማላችሁ፣ ትዘላላችሁ። አስራ አምስት ሰከንድ፣ ትዘላላችሁ። ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ? የኔን ፓርኪንግ እየሠራችሁ ነው! ያውም ያለ ደሞዝ።

እኔ አኩዌሚናይን ለስድስት ወር በቁራጭ ሰማሁት። አወቅኩት ብዬ ነበር። ሲዲውን ገዝቼ፣ የአንድ ጓደኛዬን ቶዮታ ተውሼ፣ እሁድ ከሰዓት በአይ 285 ላይ ከተማውን እየዞርኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። አስራ ስድስት ትራክ ነው። የሰማሁት ሁሉ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሃርሞኒካውን የነፋው ለካ ከሁለቱ ራፐሮች የአንዱ፣ የአንድሬ እንጀራ አባት ነው፣ ፓስተር ነው። በስልክ የሚለፈልፈው ሰው የታሰረ ወዳጃቸው ነው። ከእስር ቤት ደውሎ ነው። የመጨረሻው ትራክ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ደግሞም የደቡብ ራፕ የተሠራው ለመኪና ነው። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚሉት ነው። የኒው ዮርክ ሰው ባቡር ውስጥ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይሰማል፣ ስለዚህ ቃሉ ነው የሚበልጥበት። የሂውስተን ሰው ሥራ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይነዳል። ደረቱ ላይ የሚመታ ነገር ይፈልጋል። ያ ቤዝ በአብዛኛው የሚወጣው ሮላንድ 808 ከምትባል የጃፓን የከበሮ ማሽን ነው። ከ1980 እስከ 1983 ብቻ ነው የተመረተችው፣ 12,000 ገደማ። ድምጿ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ተናቀች፣ አሮጌ ዕቃ ቤት በርካሽ ተጣለች። ገንዘብ የሌላቸው ልጆች አነሷት። የተናቀች ማሽን፣ በተናቁ ልጆች እጅ።

መናቃቸውን ስል እያጋነንኩ አይደለም። ወደ ሁለተኛው ነጥብ እየገባሁ ነው።

ሰው ከቤቱ ይጀምራል፣ ከአትላንታ።

ኢስት ፖይንትን የማታውቁ አላችሁ? ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ግማሾቻችን ታክሲ ስንነዳ ተራ የጠበቅንበት አካባቢ። እዚያ ሄድላንድ እና ዴሎው የሚባሉ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ የሱቆች መደዳ አለ። በ90ዎቹ መጀመሪያ አንዱ ሱቅ የፀጉርና የውበት ዕቃ ይሸጥ ነበር። ሪኮ ዌድ የሚባል ወጣት ይሠራበታል። ሁለት የሃይስኩል ልጆች መጡ፣ አንድሬ እና አንትዋን። ሱቁ ደጅ ላይ፣ በሪኮ መኪና ቴፕ ሙዚቃ ተከፍቶላቸው እየተቀባበሉ ራፕ አደረጉ። አላቆሙም። ሪኮ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው።

ቤቱ የእናቱ ነው። ሌክዉድ። ስቱዲዮው ምድር ቤት ነው፣ ግድግዳው ያላለቀ፣ ወለሉ አፈር። ቀይ የጆርጂያ አፈር። ደንጀን ይሉት ነበር። እስር ቤት እንደማለት ነው። ልጆቹ ደረጃው ላይ ተደርድረው፣ ደብተር ጭናቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ፣ ይተኛሉ፣ ይርባቸዋል፣ ይነሳሉ፣ ይጽፋሉ። እናትየው ከላይ ናት። እናቶች፣ አስቡት እስቲ! ሃያ የሰፈር ልጅ ምድር ቤታችሁ ውስጥ። እኔ ብሆን ውሃ ነበር የምደፋባቸው። እሷ ግን ታገሰች። ሪኮ ዌድ በ2024 በ52 ዓመቱ ሞተ። ቤቱን አሁን አንትዋን ገዝቶታል፣ ቢግ ቦይ የምትሉት ማለት ነው።

ከዚያ አፈር ላይ በ1994 የመጀመሪያው የአውትካስት አልበም ወጣ። ስሙ ረጅም ነው፣ አንድ ትንፋሽ አይበቃውም፣ ሳውዘርንፕሌያሊስቲካዲላክሚዩዚክ። ሁለቱ ልጆች ያኔ ገና ሃያ አልሞላቸውም። በዓመቱ፣ ነሐሴ 1995፣ ኒው ዮርክ ላይ ሶርስ የሚባለው የሂፕ ሆፕ መጽሔት ሽልማት ነበር። ያኔ የኒው ዮርክና የሎስ አንጀለስ ራፐሮች ተፋጥጠዋል። አዳራሹ ውስጥ ውጥረት ነው። በመሃል «ምርጥ አዲስ ቡድን፣ አውትካስት» ተባለ። አዳራሹ ጮኸባቸው። ቡ! ቡ! ሽልማት እየተቀበሉ ነው እኮ! ቢግ ቦይ በጨዋ ደንብ አመሰገነ። አንድሬ ማይኩን ያዘ፣ ተናደደ፣ ደቡብ የሚለው ነገር አለው ብሎ ወረደ። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ዛሬ አትላንታ ውስጥ የማያውቃት የለም።

ምን አደረጉ ታዲያ? ተሰደቡ ብለው መልስ ስድብ ጻፉ? በ1996 ኤቲሊየንስን ይዘው መጡ። የአትላንታን ስምና ባዕድ ፍጡር የሚለውን ቃል አጋጭተው አንድ ያደረጉት ስም ነው። ባዕድ ናችሁ ካላችሁንማ ባዕድ ነን፣ ዓይነት ነገር። እኛ ደግሞ ወረቀታችን ላይ ያ ቃል ተጽፎብን የገባን ሰዎች ነን። ለኔ ያ አርእስት ቀልድ ብቻ አልነበረም።

በ1998 አኩዌሚናይ። አኳሪየስና ጀሚናይ የሚባሉት ኮከቦቻቸው ተገጣጥመው የወጣ ስም ነው። ሁለት በጠባይ የማይገናኙ ልጆች፣ አንድ አልበም። በአራተኛው ትራክ ላይ ከኒው ዮርክ ሬክዎን የሚባል ራፐር መጥቶ አብሯቸው ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት የጮኸባቸው ከተማ ሰው! እንግዳ አድርገው ነው የተቀበሉት።

ስለ አንድ ሌላ አልበም ልንገራችሁ፣ ይሄኛው ለእናቶች ነው። ጉዲ ሞብ የሚባሉ አራት ልጆች፣ የዚያው ደንጀን ልጆች ናቸው። አልበሙ ሶል ፉድ ይባላል፣ ኅዳር 1995። የሚጀምረው በራፕ አይደለም። ከአራቱ አንዱ፣ ሲሎ፣ ብቻውን፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ ነጻ መውጣት እፈልጋለሁ እያለ ያዜማል። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አርእስቱን የሰጠው ዘፈን ስለ እሁድ ምግብ ነው። ስለ እናት እጅ።

አክስቴ አንድ ቀን ገበያ ኮላርድ ግሪን ስትመርጥ አብሬያት ነበርኩ። የኛ ጎመን ማለት ነው፣ እዚህ ሁላችንም የምንሠራው በሱ ነው። አጠገቧ አንዲት ትልቅ ጥቁር አሜሪካዊት ቆመዋል። የአክስቴን እስር በእስር መምረጥ ሲያዩ «አንቺ በምን ነው የምትሠሪው?» አሏት። እኔ አስተረጎምኩ። አክስቴ «በቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያ» አለች። ሴትየዋ በአሳማ ሥጋ አሉ። አክስቴ ደነገጠች። ተሳሳቁ። ከዚያ ሴትየዋ የአክስቴን እስር ከእጇ ተቀብለው፣ ሁለት ቢጫ ቅጠል ነቅለው ጥለው መለሱላት። እንደ ገዛ እህታቸው! እኔ ሶል ፉድን ስሰማ ያቺ ሁለት ቢጫ ቅጠል ናት የምትታየኝ። ደግሞ ዛሬ ዓለም ሁሉ «ደርቲ ሳውዝ» የሚለው አጠራር የገነነው ከዚሁ አልበም ውስጥ ካለ ዘፈን ነው።

ሰዓቴ ስንት ነው? አስራ ሁለት ደቂቃ? በቂ ነው። ወደ ሂውስተን።

ጌቶ ቦይስ የሚባል ቡድን፣ 1991። የአልበሙ ሽፋን የሚያስፈራ ነው፣ ወላጆች አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከአባላቱ አንዱ፣ ቡሽዊክ ቢል፣ ዓይኑን በጥይት ተመቶ ሆስፒታል ነበር። ጓደኞቹ በተሽከርካሪ አልጋ ኮሪደር ላይ አውጥተው፣ ግራና ቀኝ ቆመው ፎቶ ተነሱ። ያንን ሽፋን አደረጉት። እኔ ይሄን አልወደውም። እሺ? አልበሙ ጥሩ ስለሆነ ሁሉንም ነገር አጨበጭባለሁ ማለት አይደለም። ነገር ግን ውስጡ አንድ ዘፈን አለ፣ አእምሮዬ ያታልለኛል የሚል። ሰዎች ይከታተሉኛል ይላል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም ይላል። ሻማ አብርቼ እቀመጣለሁ ይላል። በ1991፣ ጉልበተኛ ነኝ በሚባልበት ሙዚቃ ውስጥ፣ አንድ ሰው ፈራሁ አለ።

እኔ ሌሊት ፈረቃ ሳለሁ ነው የሰማሁት። ስድስት ፎቅ ባዶ፣ ኤግዚት የሚለው ቀይ መብራት ብቻ። አገር ቤት ስደውል «ደህና ነኝ» እላለሁ። ደህና አልነበርኩም። እኛ ቤት ይሄ ነገር አይወራም እኮ። ወይ ጠበል ነው፣ ወይ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ?» ነው። ያ የሂውስተን ሰው ግን አወራው፣ ያውም ጊታሩ ከአይዛክ ሄይስ የተወሰደ፣ ለስለስ ያለ ዜማ ላይ።

ከሂውስተን ወደ ምሥራቅ ሰዓት ተኩል ስትነዱ ፖርት አርተር አለች። የነዳጅ ማጣሪያ ከተማ። ዩጂኬ የሚባሉት ሁለት ልጆች ከዚያ ናቸው፣ ፒምፕ ሲ እና በን ቢ። ራይዲን ደርቲ፣ 1996። ያለ ቪዲዮ፣ ያለ ሲንግል ነው የወጣው። የቢልቦርድ ዝርዝር ላይ 15ኛ ገባ። በምን? ከሰው ወደ ሰው፣ ከመኪና ወደ መኪና። ፒምፕ ሲ አባቱ ጥሩምባ ነፊ ነበር። ስለዚህ ኦርጋኑ፣ ቤዝ ጊታሩ፣ ብዙው በእጅ የተጫወቱት ነገር ነው። እሱ ራሱ የሚሠራውን ሙዚቃ ሂፕ ሆፕ እንኳን አይለውም፣ የባላገር ራፕ ነው የሚለው። ባላገር መባል ስድብ በሆነበት ጊዜ! በ2007 ሞተ፣ ገና 33 ዓመቱ። በን ቢ ዛሬም አለ፣ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ሂፕ ሆፕና ሃይማኖት አስተምሯል።

እኔን ብትጠይቁኝ ከደቡብ ሁሉ አንድ አልበም ብቻ ለመኪና ምረጥ ብትሉኝ ራይዲን ደርቲን ነው። ለቤት ግን አኩዌሚናይ።

አሁን ዲጄ ስክሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እሱን ከማንም በላይ የምንረዳው እኛ ነን። ለምን ብትሉ፣ የቴፕ ባትሪ ሲደክም ታስታውሳላችሁ? እናንተ ልጆች አታውቁም፣ ወላጆች ግን ታውቃላችሁ። ቴፑ ባለ አራት ድንጋይ ነው። ካሴቱ ይዞራል። ድንገት የዘፋኙ ድምፅ መወፈር ይጀምራል። መጎተት ይጀምራል። ሴቷ ወንድ ትሆናለች። እናታችን «ድንጋዩ አልቋል፣ ዝጉት!» ትላለች። እኛ ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ትንሽ በጥርስ እንነክሰዋለን፣ መልሰን እንከተዋለን። ማነው ያልነከሰ?

ዲጄ ስክሩ ያንን ድምፅ ሆን ብሎ ነው የሠራው። እውነተኛ ስሙ ሮበርት ኧርል ዴቪስ ጁኒየር ነው፣ ስሚዝቪል ከምትባል የቴክሳስ ትንሽ ከተማ መጥቶ ሂውስተን ደቡብ ሰፈር ተቀመጠ። ሁለት የሸክላ ማጫወቻ አለው። ዘፈኑን ያዘገየዋል፣ እየቆረጠ ይደግመዋል፣ በካሴት ይቀዳዋል። ካሴቱን ከቤቱ ይሸጣል። ማታ ማታ መንገዱ ላይ መኪና ይሰለፋል። ፖሊስ ዕፅ የሚሸጥ መስሎት ይከታተለው ነበር፣ የሚሸጠው ግን ካሴት ነው። ሦስት በጠዋት የሚለው አልበሙን ፈልጉ። እንደ አልበም በሱቅ ከወጡለት ጥቂቶች አንዱ ነው። ሸክላዎቹ ዛሬ የሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ ስሰማው ሳቅኩ። ቀጥሎ ዝም አልኩ። ቃል ሲዘገይ የሚያመልጥህ ነገር የለም። ትዝታ ለምን ቀስ ብሎ ይዘፈናል? በሩጫ የሚዘፈን ትዝታ ሰምታችኋል?

ስክሩ በ2000 ሞተ፣ በ29 ዓመቱ። ኮዴይን አለበት፣ የሳል ሽሮፕ። ይሄን ሳልነግራችሁ ባልፍ ልክ አይሆንም። ልጆች፣ ሙዚቃውን ስሙ። ሽሮፑ ግን ይህን ሰው እንደገደለው እወቁ።

ሜምፊስን በአጭሩ። 8ቦል እና ኤምጄጂ፣ ካሚን አውት ሃርድ፣ 1993። ከዚያ ስሪ ሲክስ ማፊያ፣ ሚስቲክ ስታይልዝ፣ 1995። ይሄኛው ጨለማ ነው፣ የሚያስፈራ ፊልም ይመስላል፣ ቀረጻውም ጥራት የለውም። እኔ ብዙ አልሰማውም። ግን ዛሬ የምትሰሙት፣ ትራፕ የሚባለው የራፕ ዓይነት ግማሹ ድምፅ፣ ያ የሚንቀጠቀጠው ጸናጽል፣ ከዚያ ነው። እነዚሁ ልጆች በ2006 ኦስካር ወሰዱ። አዎ፣ ኦስካር።

ኒው ኦርሊየንስ። 400 ዲግሪዝ፣ ጁቬናይል፣ 1998። ሙዚቃውን የሠራው ማኒ ፍሬሽ ነው። ቀብርን ሳይቀር በጥሩምባና በጭፈራ የሚሸኝ ከተማ ልጅ ነው፣ ከበሮው ቆሞ አያውቅም። አንዱ ዘፈን ስሙ «ሃ» ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በ«ሃ» ያልቃል። እኛ «አይደል?» እንደምንለው ነው። ለጎረቤቱ እያወራ ነው። እንዲህ ታደርጋለህ፣ አይደል? እንዲህ ትለብሳለህ፣ አይደል? አይፈርድም፣ አያሞግስም፣ ያያል ብቻ። እዚያው አልበም ላይ ደግሞ በቫዮሊን ዓይነት ድምፅ የሚጀምር አንድ ዘፈን አለ። ስሙን እዚህ አልጠራውም፣ ትላልቅ ሰዎች አሉ። ግን የኛ ሠርግ ላይ ዲጄው ያቺን ቫዮሊን ሲለቅ እነማን ከወንበራቸው እንደሚነሱ አይቻለሁ። ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ አላችሁ።

ጁቬናይል ያደገው ማግኖሊያ በሚባል የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ነው። የ«ሃ» ቪዲዮም እዚያ ነው የተቀረጸው። በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ መጣች። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ፣ ሌላ ቤት ተሠራበት። ቪዲዮውን ስታዩ ግን በረንዳው አለ፣ ሕፃናቱ አሉ፣ ደረጃው ላይ የተቀመጡት አሮጊት አሉ። እኔ የተወለድኩበት የአዲስ አበባ ሰፈርም ዛሬ የለም። በሄድኩ ጊዜ ቤታችን የነበረበትን መለየት አቃተኝ። ለኔ ሰፈር ማን አልበም ሠራለት? ይሄን የምጠይቀው ከኋላ ያላችሁትን ነው፣ ማይክና ላፕቶፕ ያላችሁትን።

ማያሚ፣ ቱ ላይቭ ክሩ የሚባል ቡድን። በ1990 አንድ የፌዴራል ዳኛ አልበማቸው ጸያፍ ነው ብሎ ፈረደ፣ በ1992 ይግባኝ ሰሚው ሻረው። አልበሙን ስሙት አልልም፣ ሕጉን ግን አንብቡ። ቨርጂኒያ፣ ሚሲ ኤሊየት፣ ሱፓ ዱፓ ፍላይ፣ 1997። ቨርጂኒያ ደቡብ ናት ወይ የሚል ክርክር አለ። ይኑር። እሷን ከዝርዝሬ አላወጣትም።

ሦስተኛው፣ ለወላጆች።

ስድብ አለበት ወይ? አለበት። ሴትን የሚያዋርድ ነገር አለበት ወይ? አለበት፣ ብዙ። እኔ እዚህ ቆሜ «ባህል ነው» ብዬ አልሸፋፍነውም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጆቻችሁ አይሰሙትም ብላችሁ ነው? ይሰሙታል። ያለ እናንተ ነው የሚሰሙት። «ትራፕ» የሚለውን ቃል ቀኑን ሙሉ ይላሉ። ቃሉ ዕፅ የሚሸጥበት ቤት ማለት እንደሆነ፣ መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው ወጥመድ ማለት እንደሆነ ያውቃሉ? ራፐሩ ቲ.አይ. በ2003 ትራፕ ሚዩዚክ የሚል አልበም ሲያወጣ ግማሹ አልበም ጸጸት ነው። ያንን የሚነግራቸው ማነው?

እኔ ልጄ አስራ አራት ዓመት ሲሞላት አንድ ቅዳሜ አኩዌሚናይን መኪና ውስጥ አብሬያት ሰማሁ። አፍሬያለሁ፣ አልዋሽም። አንዳንዱ ቦታ ላይ መስታወት እያየሁ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እሷም በመስኮት ታያለች። ግን አልዘለልኩም። ሄድላንድ እና ዴሎው ደረስን። «እዚች ጋ ነው የተጀመረው» አልኳት። መኪና ማቆሚያ ነው በቃ። አንድ ሰውዬ የገበያ ጋሪ ይገፋል። «እዚህ?» አለችኝ።

ከዚያ የመጨረሻው ትራክ መጣ፣ ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኩት። ጊታሩ እየጮኸ ይሄድና መጨረሻው ላይ የአዳራሽ ድምፅ ይሰማል። የ1995ቱ የኒው ዮርክ ምሽት ነው። ያ ጩኸት። ያ ቡ ቡ። የአንድሬ ንግግር። ቀድተው አስቀምጠውት፣ ሦስት ዓመት ጠብቀው፣ የአልበማቸው ማሰሪያ አደረጉት። ስድስት ወር ሙሉ እየነዳሁ አንድም መኪና እዚያ ጋ ቆሞ አላገኘሁትም። ሁሉም ሰው ከዚያ በፊት ደርሶ ያጠፋዋል።

ልጄ ሰማች። «ለምንድነው የሚጮሁባቸው?» አለችኝ። «አነጋገራቸው አስቂኝ ነው ብለው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንደ አንተ?» አለች።

አዎ ልጄ። እንደ እኔ።

ጨረስኩ። አንዲት ነገር ብቻ። ያንን የመጀመሪያ ሲዲዬን ይዤ መጥቻለሁ፣ ቡናው ጋ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ የፓርኪንግ ግሪስ አለ። አንድ ልጅ ይውሰደው፣ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር ሰምቶ በሚቀጥለው ወር ይመልስልኝ። ጭረት አለው፣ 11ኛው ትራክ ላይ ይዘላል። እሱ ደግሞ ደካማው ስለሆነ ብዙ አይቀርባችሁም። የእናንተ መኪና ሲዲ አይቀበልም፣ አውቃለሁ። የአባታችሁ ቶዮታ ይቀበላል።

እግዜር ይስጥልኝ።